ትልቅ ሞተር ሁሉ ጉልበተኛ አይደለም፦ ለትንሽ ሚሊንግ ማሽን የስቴፐር ሞተር አመራረጥ

አንድ ወዳጃችን የማኅተም፣ የናስ ጽሑፍና የማስታወቂያ ፊደላት ቀረጻ ሥራ ለመጀመር አስቦ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ሚሊንግ ማሽን ይገዛል። ማሽኗ በእጅ የምትዘወር ስለነበረች፣ በኮምፒውተር እንድትታዘዝ ለማድረግ ሦስት ስቴፐር ሞተሮች ከውጭ ያስመጣል። ሲመርጥም "ጉልበት ቢተርፍ አይጎዳም" በሚል ስሌት ከቀረቡለት ሁሉ ትልልቆቹን ያነሳል። ሞተሮቹ ተገጥመው ሲሞከሩ ታዲያ ነገሩ ግራ የሚያጋባ ሆነ። ጠረጴዛው በዝግታ ሲሄድ እንደ በሬ ይጎትታል። ትንሽ ፈጠን በል ሲባል ግን ሞተሩ ይጮህና ቀጥ ይላል። የመጀመሪያው የሥራ ትዕዛዝ በቀነ ቀጠሮው አልደረሰም፤ የተቀበለውን ቀብድም መለሰ። ሦስቱ ሞተሮች እስካሁን መደርደሪያ ላይ ናቸው።

የሞተሮቹ ጤንነት ምንም እንከን አልነበረውም። ሻጩም አላጭበረበረም። ስህተቱ የምርጫ ነበር። የምርጫ ስህተት ደግሞ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ውድ ሆኗል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ጥቂት ሳምንታት ሳይሞሉ ከ100 ብር በላይ መውጣቱ አይዘነጋም። ስለዚህም ያለ ስሌት የመጣ ዕቃ በዶላር ተገዝቶ፣ ቀረጥ ተከፍሎበትና ተጓጉዞ መጋዘን ውስጥ የታሰረ ገንዘብ ማለት ነው።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ፣ በዛሬው ጽሑፋችን ለትንሽ ሚሊንግ ማሽን የሚሆን ስቴፐር ሞተር እንዴት እንደሚመረጥ ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን። ትምህርቱ ወርክሾፕ ለመክፈት ለሚያስብ ባለሀብት፣ ዕቃውን ለሚያስመጣ ነጋዴም ሆነ በመሀል ሆኖ ለሚያገናኝ ደላላ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ስቴፐር ሞተር ምንድን ነው?

ተራ ሞተር ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ስቴፐር ሞተር ግን የሚራመደው እየተቆጠረ ነው። አብዛኛዎቹ ለአንድ እርምጃ 1.8 ዲግሪ ስለሚዞሩ አንድ ሙሉ ዙር 200 እርምጃ ይሆናል። ሞተሩ የማሽኑን ጠረጴዛ ከሚያስኬደው ቪት ጋር ሲያያዝና ቪቱ በአንድ ዙር ጠረጴዛውን 5 ሚሊሜትር የሚገፋ ሲሆን፣ አንድ እርምጃ 0.025 ሚሊሜትር ማለት ነው። መቆጣጠሪያው "400 እርምጃ ሂድ" ቢል ጠረጴዛው 10 ሚሊሜትር ይጓዛል። የቦታ መለኪያ መሣሪያ ሳያስፈልግ ይህን መሥራቱ ነው ስቴፐሩን ርካሽና ተወዳጅ ያደረገው።

ሆኖም አንድ ብርቱ ድክመት አለበት። ከአቅሙ በላይ ጭነት ሲገጥመው እርምጃ ይዘላል። መዝለሉን ግን መቆጣጠሪያው አያውቅም። ከዚያ በኋላ የሚቆረጠው ሁሉ ከቦታው የተዛነፈ ይሆናል። በመሆኑም የሞተር ምርጫ ዋና ዓላማ በማናቸውም የሥራ ፍጥነት እርምጃ የማይዘል ሞተር ማግኘት ነው። ትልቅነት ለብቻው ይህን አያረጋግጥም።

"ኔማ" የስፋት እንጂ የጉልበት ስም አይደለም

በገበያው ላይ ሞተሮቹ ኔማ 17፣ ኔማ 23፣ ኔማ 34 በመባል ይታወቃሉ። ኔማ የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራቾች ማኅበር ምህጻረ ቃል ሲሆን፣ ቁጥሩ የሞተሩን የፊት ገጽ ስፋት በኢንች አሥረኛ ይገልጻል። ይኸውም ኔማ 17 የ1.7 ኢንች ወይም 42 ሚሊሜትር፣ ኔማ 23 የ2.3 ኢንች ወይም 57 ሚሊሜትር፣ ኔማ 34 ደግሞ የ3.4 ኢንች ወይም 86 ሚሊሜትር ገደማ ፊት አላቸው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባው ነገር ቁጥሩ ስለ ጉልበት ምንም የማይናገር መሆኑ ነው። አንድ ኔማ 23 ሞተር 56 ሚሊሜትር ርዝመት ሊኖረው ይችላል፤ ሌላው 76፣ ሦስተኛው 112 ሚሊሜትር ይሆናል። የሦስቱም ፊት አንድ ሲሆን ጉልበታቸው ግን በእጥፍና ከዚያም በላይ ይለያያል። "ኔማ 23 አለህ?" ብሎ መጠየቅ "42 ቁጥር ጫማ አለህ?" እንደማለት ነው። እግር መግባቱን እንጂ ጫማው ለሠርግ ይሁን ለእርሻ አይነግርም።

በወረቀቱ ላይ የሚነበቡት አራት ቁጥሮች

ማንኛውም ደህና አምራች ከሞተሩ ጋር የመለኪያ ወረቀት ይሰጣል። ከዚያ ላይ አራት ቁጥሮችን ማንበብ ይበቃል።

አንደኛው የማቆሚያ ጉልበት ነው። ሞተሩ ኤሌክትሪክ አግኝቶ ቆሞ ሳለ በጉልበት ለማዞር ቢሞከር የሚቋቋመው መጠን ሲሆን ባለሙያዎች ቶርክ ይሉታል። አንዳንዱ ሻጭ በኒውተን ሜትር፣ ሌላው በኪሎግራም ሴንቲሜትር፣ የአሜሪካው ደግሞ በአውንስ ኢንች ይጽፈዋል። 1 ኒውተን ሜትር 10.2 ኪሎግራም ሴንቲሜትር ወይም 141.6 አውንስ ኢንች ነው። ስለዚህ "270" ተብሎ የተጻፈውና "1.9" ተብሎ የተጻፈው ሞተር አንድ ሊሆኑ ይችላሉ። መለኪያው ሳይታይ በቁጥሩ ትልቅነት መደነቅ ያስታል።

ሁለተኛው በየጥቅልሉ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ መጠን ሲሆን በአምፔር ይገለጻል። ድራይቨሩ የሚመረጠው በዚህ ቁጥር ነው።

ሦስተኛው ኢንዳክታንስ ነው፤ በሚሊሄንሪ ይለካል። በአጭሩ የጥቅልሉ እልህ ማለት ይቻላል። ኤሌክትሪኩ አቅጣጫውን ቀይር ሲባል ምን ያህል እንደሚለግም የሚያሳይ ቁጥር ነው። ገዢዎች አብዛኛውን ጊዜ ዘለውት የሚያልፉት፣ ወዳጃችንንም ለኪሳራ የዳረገው ይኸው ነው።

አራተኛው የሮተሩ የመሽከርከር ክብደት ሲሆን በግራም ሴንቲሜትር ስኩዌር ይጻፋል። ሞተሩ ሲነሳና ሲቆም የራሱን ሆድዕቃ ለማንቀሳቀስ የሚያወጣውን ጉልበት ይወስናል።

ከነዚህ ሌላ በሞተሩ ላይ "3.2 ቮልት" የሚል ነገር ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ብዙዎችን የሚያሳስተው ይህ ነው። ቁጥሩ የአምፔሩና የጥቅልሉ ተቃውሞ ብዜት ብቻ ነው። 2.8 አምፔር የሚወስድና 1.13 ኦም ተቃውሞ ያለው ሞተር 3.2 ቮልት ይባላል። በተግባር ግን ይኸው ሞተር አምፔሩን በሚቆጣጠር ድራይቨር በኩል 36 ወይም 48 ቮልት ሲሰጠው አይቃጠልም፤ እንዲያውም የተሻለ ይሠራል። "የ3.2 ቮልት ሞተር ነው" ብሎ የ5 ቮልት ፓወር ሰፕላይ የሚሸጥ ሰው ደንበኛውን እየጎዳ ነው።

ስሌቱ፦ ከሥራው ተነስቶ ወደ ሞተሩ

አሁን ወደ ዋናው ትምህርት እንግባ። ሞተር የሚመረጠው ከሱቅ መደርደሪያ ሳይሆን ከሚሠራው ሥራ ተነስቶ ነው። ለምሳሌ ያህል ሞተሯ 350 ዋት የሆነና መቁረጫውን በደቂቃ 2,500 ዙር የምታዞር ትንሽ ማሽን እንውሰድ። መቁረጫው 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሲሆን የሚቆረጠው አሉሚኒየም ነው እንበል።

መጀመሪያ መቁረጫው ምን ያህል ሊገፋ እንደሚችል እንመልከት። የመቁረጫው ጠርዝ በዚህ ዙር በሰከንድ 0.785 ሜትር ይጓዛል። 350 ዋቱን ለዚህ ስናካፍል 446 ኒውተን እናገኛለን። ይህም የማሽኗ ጉልበት በሙሉ አንዳች ሳይባክን ወደ መቁረጫው ቢደርስ ማለት ሲሆን፣ በተግባር ከዚህ ያንሳል። ለጥንቃቄ 500 ኒውተን ብለን እንያዝ። ጠረጴዛው፣ ማሰሪያው ሞርሳና የሚቀረጸው ዕቃ ተደምረው 25 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ከሸርታቴው መጣበቅ ጋር ለሰበቃ 100 ኒውተን እንጨምር። ድምሩ 600 ኒውተን ይሆናል።

ይህን ወደ ሞተር ጉልበት ለመለወጥ ቀመሩ ቀላል ነው። ኃይሉን በቪቱ የአንድ ዙር ጉዞ /በሜትር/ ማባዛት፣ ውጤቱን ለ6.28 ማካፈል፣ ቀጥሎም በቪቱ ብቃት ማካፈል ነው። በኳሶች ላይ የሚንከባለለው ቪት፣ ቦል ስክሩ የሚባለው፣ ብቃቱ 90 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ 5 ሚሊሜትር ለሚጓዝ ቦል ስክሩ 600 በ0.005 ሲባዛ 3፤ ለ6.28 ሲካፈል 0.478፤ ለ0.9 ሲካፈል 0.53 ኒውተን ሜትር ይመጣል።

ማሽኗ የመጣችበት ተራ ቪት ከሆነስ? የዚህ ዓይነቱ ቪት በሰበቃ ብዙ ጉልበት ስለሚያባክን ብቃቱ 30 በመቶ ብቻ ነው ብለን እንውሰድ። የአንድ ዙር ጉዞው 2 ሚሊሜትር ከሆነ በዚያው ስሌት 0.64 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ጠረጴዛው በደቂቃ 2,000 ሚሊሜትር እንዲሮጥ ሲፈለግ የ5 ሚሊሜትሩ ቪት ሞተሩን 400 ዙር ብቻ ሲያዞረው፣ የ2 ሚሊሜትሩ 1,000 ዙር ይጠይቀዋል። ስቴፐር ሞተር ዙሩ ሲበዛ ጉልበቱ የሚከዳው መሆኑ መረሳት የለበትም። ስለሆነም ቪቱን ሳያውቁ ሞተር መግዛት የመንገዱን ዓይነት ሳያውቁ የጭነት መኪና እንደመግዛት ነው።

ወደ 0.53 ኒውተን ሜትሩ እንመለስ። መቁረጫ ሲደነዝዝ፣ ብናኝ ሸርታቴው ውስጥ ሲገባና ቅባት ሲደርቅ ጭነቱ ስለሚጨምር በሁለት እናባዛው፤ 1.06 ይሆናል። በሥራ ፍጥነት ላይ ደግሞ ከማቆሚያ ጉልበቱ ግማሹ ብቻ ይቀራል ብሎ ማሰብ ለጀማሪ ደህና ሚዛን ነው። ስለዚህ የምንፈልገው የማቆሚያ ጉልበቱ 2 ኒውተን ሜትር ገደማ የሆነ ሞተር ነው። ይህም ኔማ 23 ሆኖ 76 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው፣ በብዙ አምራቾች ዘንድ ከ1.9 እስከ 2.2 ኒውተን ሜትር ተብሎ የሚሸጠው ማለት ነው። ኔማ 34 አላስፈለገም። ኔማ 17 ደግሞ ለእንጨት ጽሑፍና ለፕላስቲክ ሰሌዳ መቅረጫ ቀላል ማሽን እንጂ ለብረታ ብረት ሚሊንግ አይመከርም።

የሮተሩን ክብደትም እግረ መንገዳችንን እንይ። 25 ኪሎ የሚመዝነው ጠረጴዛ በ5 ሚሊሜትር ቪት በኩል ለሞተሩ የሚሰማው 158 ግራም ሴንቲሜትር ስኩዌር ያህል ብቻ ነው። 16 ሚሊሜትር ውፍረትና 40 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ቪት ራሱ 200 ገደማ ነው። የዚህ ዓይነቱ ኔማ 23 ሞተር ሮተር ደግሞ 450 አካባቢ ሲሆን፣ የትልልቆቹ ኔማ 34 ከ2,000 በላይ ይወጣል። ትልቁ ሞተር በተነሳና በቆመ ቁጥር ከጠረጴዛው ይልቅ የሚታገለው ከራሱ ሮተር ጋር ነው።

የቮልቴጁ ምስጢር

የወዳጃችን ሞተሮች ለምን እንደቆሙ አሁን ማስረዳት ይቻላል። ስቴፐር ሞተር ሲሽከረከር በጥቅልሎቹ ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ አቅጣጫውን ያለማቋረጥ ይገለብጣል። ለመገልበጥ የሚፈጀው ጊዜ በግምት የኢንዳክታንሱና የአምፔሩ ብዜት በሁለት ተባዝቶ ለቮልቴጁ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ሞተሩ በደቂቃ 400 ዙር ሲዞር ለእያንዳንዱ መገልበጥ ያለው ጊዜ 1.5 ሚሊሰከንድ ነው።

የሱ ሞተሮች 12 ሚሊሄንሪና 4 አምፔር ሲሆኑ የገዛው ፓወር ሰፕላይ የ24 ቮልት ነበር። ስሌቱ 4 ሚሊሰከንድ ይሰጣል። 1.5 ሚሊሰከንድ ባለበት ቦታ 4 የሚፈልግ ሞተር ጉልበቱን ከየት ያመጣል? በነዚህ ቁጥሮች ሙሉ አምፔሩን የሚያገኘው ከ150 ዙር በታች፣ ማለትም ጠረጴዛው በደቂቃ ከ750 ሚሊሜትር በታች ሲሄድ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ጉልበቱ በፍጥነት ይወርዳል። እንደ በሬ ይጎትት የነበረው ሞተር ሲሮጥ የወደቀው በዚህ ምክንያት ነው።

በአንፃሩ 3.2 ሚሊሄንሪና 2.8 አምፔር የሆነውን ኔማ 23 እንመልከት። በ24 ቮልት 0.75፣ በ36 ቮልት 0.50፣ በ48 ቮልት 0.37 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። በ400 ዙር ሁሉም ያዋጣሉ። በ1,000 ዙር ግን ያለው ጊዜ 0.6 ሚሊሰከንድ ብቻ ስለሆነ የ24 ቮልቱ ይወድቃል፤ የ36ና የ48 ቮልቱ ይቀጥላሉ። ሞተሩ ሲዞር ራሱ የሚያመነጨው ተቃራኒ ቮልቴጅ በዚህ ስሌት ስላልገባ እውነተኛው ሁኔታ ከዚህም ይከፋል። ስለዚህ መጠባበቂያ መተው ያስፈልጋል።

ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት አጭር ቀመርም አለ። የኢንዳክታንሱ ስኩዌር ሩት በ32 ሲባዛ የቮልቴጁን ጣሪያ ይሰጣል። ለ3.2 ሚሊሄንሪ 57 ቮልት ሲመጣ፣ ለ12 ሚሊሄንሪ 111 ቮልት ይመጣል። ወዳጃችን ለነዚያ ሞተሮች የሚስማማ ፓወር ሰፕላይና ድራይቨር ልግዛ ቢል ዳግመኛ ብዙ ገንዘብ ሊያወጣ ነው። ቁም ነገሩ ሁለት ሞተሮች ጉልበታቸው እኩል ሆኖ ሲቀርብ ኢንዳክታንሱ አነስ ያለውን መምረጥ ነው።

ድራይቨርና ፓወር ሰፕላይ

ሞተር ብቻውን ዕቃ አይደለም። ድራይቨር፣ ፓወር ሰፕላይና ኬብል ሳይኖሩ የሚሸጥ ሞተር ጎማ እንደሌለው መኪና ነው። የድራይቨሩ አምፔር ከሞተሩ እኩል ወይም በላይ መሆን አለበት። እስከ 50 ቮልት የሚችል ድራይቨር ከተያዘ ከ36 እስከ 42 ቮልት መስጠት ይመረጣል፤ ምክንያቱም ሞተሩ በድንገት ሲቆም ወደ ኋላ የሚመልሰው ኤሌክትሪክ ቮልቴጁን ከፍ ስለሚያደርገው ነው። 48 ቮልት መጠቀም የሚሻ ከ50 ከፍ ያለ ጣሪያ ያለው ድራይቨር ይግዛ።

የፓወር ሰፕላዩ አምፔር የሞተሮቹ ድምር ሁለት ሦስተኛ ቢሆን ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ለሦስት ባለ 2.8 አምፔር ሞተሮች ድምሩ 8.4 ሲሆን ሁለት ሦስተኛው 5.6 አምፔር ነው። በ36 ቮልት 200 ዋት ገደማ ማለት ሲሆን፣ 300 ዋት ቢገዛ ለሌላ ጊዜም ይሆናል።

ሻጮች ድራይቨሩ እርምጃውን ወደ 16፣ 32 ወይም 128 ይከፋፍላል እያሉ ያወድሱታል። ክፍፍሉ እንቅስቃሴውን ያለሰልሳል፤ ጩኸትና ንዝረትም ይቀንሳል። የትክክለኛነት ማረጋገጫ ግን አይደለም። እርምጃው ለ8 ሲከፈል እያንዳንዷ ንዑስ እርምጃ ብቻዋን ያላት ጉልበት ከሙሉው 20 በመቶ ገደማ፣ ለ16 ሲከፈል 10 በመቶ ገደማ ነው። ለትንሽ ሚሊንግ ማሽን 8 ይበቃል። በዚህም ሞተሩ ለአንድ ዙር 1,600 ምልክት ይፈልጋል፤ በ400 ዙር ፍጥነት በሰከንድ 10,700 ምልክት ገደማ ስለሆነ ርካሾቹ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳዎችም ይችሉታል።

መብራት ሲጠፋስ?

በአገራችን ሁኔታ ይህ ጥያቄ ሊዘነጋ አይገባም። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ስቴፐር ሞተር ያለበትን ቦታ ይረሳል። ስለዚህ በሦስቱም አቅጣጫ የመነሻ ስዊች ማስገባትና መብራት ሲመለስ ማሽኑን ወደ መነሻው መልሶ ሥራ መቀጠል ግድ ነው። ለኮምፒውተሩ ብቻ ዩፒኤስ የገዛ ሰው ደግሞ የባሰ አደጋ ላይ ነው። ሞተሮቹ ቆመው ኮምፒውተሩ መቁጠሩን ይቀጥላልና፤ የሞተሮቹ ኃይል ሲቋረጥ መቆጣጠሪያውም እንዲቆም መያያዝ አለበት።

ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው አቅጣጫ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። የማሽኗ ጭንቅላት 15 ኪሎ ቢመዝን ሞተሩ ሁልጊዜ 147 ኒውተን ተሸክሞ ይውላል። ቦል ስክሩ ሰበቃው አነስተኛ በመሆኑ መብራት ሲጠፋ ጭንቅላቱ በራሱ ክብደት ወርዶ መቁረጫውንና ሥራውን ሊሰብር ይችላል። መፍትሔው ሚዛን የሚጠብቅ ስፕሪንግ ወይም ተቃራኒ ክብደት ማድረግ፣ አለበለዚያም ለዚህ አቅጣጫ ብቻ ፍሬን ያለው ሞተር መግዛት ነው። ተራው ቪት በሰበቃው ምክንያት ጭንቅላቱን ባለበት ስለሚይዝ ለዚህ አቅጣጫ ሳይቀየር ቢቀርም አይከፋም።

ሙቀትንም እናንሳ። ስቴፐር ሞተር በሥራ ላይ እጅ የሚያቃጥል መሆኑ የተለመደ ነው፤ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢደርስ ተበላሽቷል አይባልም። ሆኖም የኤሌክትሪክ ዕቃዎች በአብዛኛው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስበው የሚሠሩ ሲሆኑ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሳሳ ስለሚል ማቀዝቀዙ ይቀንሳል። ሞተሩ ቆሞ ሲጠብቅ አምፔሩን በግማሽ የሚቀንሰውን የድራይቨሩን ማስተካከያ ማብራት፣ ሳጥኑ ውስጥም ቬንትሌተር ማስገባት ይጠቅማል።

ለነጋዴውና ለደላላው

ፕሮፎርማ ሲጠየቅ "ኔማ 23፣ 3 ፍሬ" ብሎ መላክ ጥፋትን መጋበዝ ነው። የሚከተሉት በጽሑፍ ይስፈሩ፦ የፊት ስፋትና የሞተሩ ርዝመት፤ የማቆሚያ ጉልበት ከነመለኪያው፤ አምፔር፤ ኢንዳክታንስ፤ የሽቦዎቹ ቁጥር፤ የዘንጉ ውፍረትና ቅርጽ። የመጨረሻው ትንሽ ነገር መስሎ ብዙ ሥራ ያስቆማል። በኔማ 23 ላይ የ6.35ና የ8 ሚሊሜትር ዘንጎች ስላሉ፣ ማገናኛው የተሳሳተ ከሆነ ወይ ቶርኖ ቤት ይኬዳል ወይ ሌላ ማገናኛ ይገዛል። ከአምራቹም የጉልበትና የፍጥነት ሥዕላዊ መግለጫ ይጠየቅ፤ መግለጫው በስንት ቮልት እንደተለካም ይታይ። በ80 ቮልት የተለካን መግለጫ አይቶ በ24 ቮልት መሥራት ራስን ማታለል ነው።

ሽቦው 4 ከሆነ ለዛሬዎቹ ድራይቨሮች በቀጥታ ይስማማል። 6 ወይም 8 ሽቦ ያለውም ይሠራል፤ አያያዙ ግን ይለያል። ባለ 8 ሽቦው በተከታታይ ሲያያዝ ኢንዳክታንሱ ጎን ለጎን ከሚያያዘው አራት እጥፍ ይሆናል። ለፍጥነት ጎን ለጎኑ ይመረጣል፤ ከፍ ያለ አምፔር የሚችል ድራይቨር መፈለጉ ግን አይቀርም። ወዳጃችን ሞተሮቹን ያያዛቸው በተከታታይ ነበር። ጎን ለጎን ቢያያዛቸው 12 ሚሊሄንሪው 3 ይሆን ነበር፤ ድራይቨሩ ግን እጥፍ አምፔር መቻል ነበረበት።

ሱቅ ውስጥ ያለ ድራይቨርም ቢሆን ሞተርን መፈተሽ ይቻላል። በቴስተር ጥንድ ጥንዱን ሽቦ ለይቶ የሁለቱ ጥቅልሎች ተቃውሞ እኩል መሆኑን ማየት ነው። ከዚያ የአንዱን ጥቅልል ሁለት ጫፎች አገናኝቶ ዘንጉን በእጅ ማዞር፤ ከበፊቱ ከበድ ካለ ጥቅልሉ ደህና ነው። ዘንጉን ወደ ጎንና ወደ ፊት ነቅንቆ ኩሽኔታው መላላት አለመላላቱን ማረጋገጥም ይገባል።

ከአሮጌ ፕሪንተርና ፎቶኮፒ ማሽን የሚወጡ ሞተሮች በርካሽ ይገኛሉ። ለመማሪያ ጥሩ ናቸው። ለብረት ሥራ ግን ጉልበታቸው አነስተኛ፣ የመለኪያ ወረቀታቸውም የማይገኝ በመሆኑ ገንዘብ የሚያስገባ ማሽን ላይ ባይገጠሙ ይሻላል። ሁለት ክልከላዎችም አሉ። አንደኛ፣ "ልጥረገው" ብሎ ሞተሩን ፈትቶ ሮተሩን ማውጣት የማግኔቱን ኃይል ሊያዳክመው ስለሚችል አይደረግም። ሁለተኛ፣ ኤሌክትሪክ ሳይዘጋ የሞተሩን ሽቦ ከድራይቨሩ መንቀል ድራይቨሩን ያቃጥላል።

ቦታውን በሚያነብ መሣሪያ የታገዙ፣ እርምጃ ሲዘሉ የሚያሳውቁ ስቴፐሮችም ገበያ ላይ አሉ። ዋጋቸው ከፍ ይላል። የጠፋ እርምጃ ብዙ ገንዘብ የሚያስከፍልበት ሥራ፣ ለምሳሌ የፕላስቲክ ሞልድ ቀረጻ ላይ ለተሰማራ ተጨማሪው ወጪ ያዋጣል። በስሌት ያነሰ ሞተርን ግን አያድኑትም፤ መዝለሉን ያሳውቃሉ እንጂ ጉልበት አይጨምሩለትም።

በመጨረሻ

ደንበኛ ሲመጣ መቅደም ያለበት ጥያቄ "ስንት ፍሬ?" ሳይሆን "ምን ልትቆርጥበት ነው? ቪቱስ በአንድ ዙር ስንት ይሄዳል?" የሚለው ነው። ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ጥያቄ ሲሆን፣ ሻጩን ዕቃ ከመመለስ፣ ገዢውንም ከኪሳራ ያድናል። ከላይ ለተመለከትነው ማሽን መልሱ ኔማ 23፣ 2 ኒውተን ሜትር ገደማ፣ ከ3 ሚሊሄንሪ ብዙ ያልራቀ ኢንዳክታንስ፣ ከ36 እስከ 42 ቮልት ሆኖ አግኝተነዋል። የሌላ ማሽን መልስ ሌላ ይሆናል፤ የስሌቱ መንገድ ግን ያው ነው።

ወዳጃችን በስተመጨረሻ ይህንኑ ስሌት ሠርቶ ሦስት ሌሎች ሞተሮች አስመጥቷል። ማኅተም ቀረጻውም ሥራ ጀምሯል። የመጀመሪያዎቹን ትልልቅ ሞተሮች ከበድ ያለ ማሽን ላለው፣ ተገቢውን ቮልቴጅና ድራይቨር ይዞ ለሚመጣ ሰው ለመሸጥ ገዢ እየጠበቀ ነው። በየሞተሩ ላይ ኢንዳክታንሱን በጉልህ ጽፎ ለጥፎበታል።